የአርጃኖ ሞራ

ሕዝቅኤል ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ባዮሎጂ ያስተምራል። ከማስተማሩ ጎን ለጎን በጣና ዳር የሚኖሩትን አርጃኖዎች፣ ከውሃ የብስ የሚመላለሱትን ግዙፍ እንሽላሊቶች፣ ሲያጠና አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። የደቅ ደሴት ልጅ ነው፤ አባቱ መሪጌታ ነበሩ። ለትምህርት ወደ ከተማ ሲሻገር የተቀበለችው ታላቅ እህቱ እናትዓለም ናት። ባሏ ምናሴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ብስክሌት መንዳት ያስተማረውም፣ ሲመረቅ ከሁሉ ቀድሞ ያለቀሰውም እሱ ነው።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ምናሴ የጨጓራ ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። ሐኪሞቹ ከፍተው አዩት፤ መልሰው ሰፉት፤ እናትዓለምን ለብቻዋ ጠርተው "ቤቱ ወስደሽ አስታሚው" አሏት።

ከዚያ ወዲህ ሕዝቅኤል ከክፍል እንደወጣ በየቀኑ እነሱ ቤት ይሄዳል። ምናሴ ስለ በሽታው መነጋገር አይወድም። "ስለ አውሬዎችህ አውራኝ" ይለዋል። አንድ ቀን ሕዝቅኤል በመካከለኛው አሜሪካ ጫካ ስለሚኖር ባዚሊስክ የሚባል እንሽላሊት ነገረው፤ ጠላት ሲመጣበት በኋላ እግሮቹ ቆሞ ውሃ ላይ ይሮጣል።

"ሳይሰምጥ?"

"ውሃውን በጥፊ እንደመምታት አድርጎ ይረግጠዋል። እግሩ ሥር አየር የሞላው ጉድጓድ ይከፈታል፤ ውሃው ሳይዘጋበት እግሩን ነጥቆ ያወጣል። ካዘገመ አለቀለት። ግልገሎቹ ሩቅ ይሄዳሉ፤ ትልልቆቹን ግን ክብደታቸው ይጎትታቸዋል፤ ትንሽ ሮጠው ይሰምጡና መዋኘት ነው።"

ምናሴ አጥንት ብቻ የቀረውን ክንዱን ከብርድ ልብሱ አወጣና አየው። "እኔ ድሮ አንድ እርምጃም አልሄድ። አሁን ግን ቀለልሁ፤ ዘጌ ድረስ ሳልሰምጥ እደርሳለሁ" አለና ሳቀ። ሳቁ ሆዱን ወጋው። እግርጌው ተቀምጣ ልብሱን የምታጥፈው እናትዓለም ልብሱን ጥላ ወጣች።

ምናሴ ትንፋሹ ሲመለስለት "ያቺ ሰባተኛዋስ?" ብሎ ጠየቀ።

ሰባተኛዋ ሕዝቅኤል ጅራቷ ሥር ነጭ ቀለም ቀብቶ የሚከታተላት ሴት አርጃኖ ናት። ርዝመቷ ከሰው ቁመት ብዙም አያንስም። ሆዷ ሞልቷል፤ ሰሞኑን ከዓባይ መውጫ ወዲህ፣ ከሁለቱ ሾላዎች አጠገብ ያለውን ኩይሳ መቆፈር ጀምራለች። ሕዝቅኤል ነገሩን ሲያስረዳ ድምፁ ይደምቃል። ኩይሳው ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ምስጦቹ ቀዳዳውን ራሳቸው ይደፍኑታል፤ እንቁላሉ ሙቀትና እርጥበት ሳያጣ ወራት ይቆያል፤ የሚቀጥለው ክረምት ሲገባና አፈሩ ሲርስ ግልገሎቹ ቆፍረው ይወጣሉ።

"ሌላ ጊዜ ኮሽታ ከሰማች ውሃ ውስጥ ናት። እንቁላል መጣል ከጀመረች ግን እንዲህ በቀላሉ አትሸሽም። አጠገቧ ቆሜ አይቻታለሁ።"

እናትዓለም ሾርባ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ሊሄድ ሲነሣ እስከ ግቢው በር ሸኘችው።

"አንድ መድኃኒት የሚያውቁ ሰው አግኝቼ ነበር። እንቁላል የያዘች አርጃኖ ሞራዋ እንዲህ ያለውን በሽታ ይነቅላል አሉኝ።"

"እታለም፣ ተይ። አይነቅልም።"

"አንዷን ብቻ ያዝልኝ። አንተ መያዙን ታውቅበታለህ።"

"ለአውሬዋ ሳስቼ እንዳይመስልሽ። ሞራ ሞራ ነው፤ ምንም አይሠራም። ያላየሁት፣ ያላነበብሁት ነገር የለም።"

"እሺ፤ ይኸ አይጠቅምም። የሚጠቅመውን ንገረኝ።"

ሕዝቅኤል ብስክሌቱን እንደያዘ ቆመ።

"አየህ?" አለችውና በሩን ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሰባተኛዋን ለማየት ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። ሞታ አገኛት። ወገቧ በመጥረቢያ ተሰብሯል፤ ሆዷ ዓሣ በሚያጸዳ ሰው እጅ የተከፈተ ይመስል ዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፤ ሞራው የለም። ነጫጭ እንቁላሎቿ ሣሩ ላይ ተበታትነው ጉንዳን ወሯቸዋል። ሕዝቅኤል ተንበርክኮ ክንዱን ኩይሳው ውስጥ አስገባ። መጣል ጀምራ ነበር፤ ለስላሳ፣ ሙቅ እንቁላሎች በጣቶቹ ዳሰሰ። ጭቃ አቡክቶ ቀዳዳውን ደፈነው። ቦታውን ከእሱ ሌላ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ከአልጋ አይነሣም።

እህቱን ማጀት ውስጥ ከትንሽ ድስት አጠገብ አገኛት። ቤቱ የቀለጠ ስብ ይሸታል። ግራ ክንዷ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

"እንዳልኸው ነው፤ አልሸሸችም" አለችው ሳይጠይቃት። "ዞራ አየችኝ። አየችኝና እንቁላሏን መጣል ቀጠለች። ስመታት ነው በጅራቷ የገረፈችኝ።" ጨርቁን ነካ አደረገችው። "እኔ እኮ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም።"

"ርኩስ እኮ ነው፣ እታለም። ምናሴ እሁድ ሊቆርብ ነው። አባታችን በሕይወት ቢኖሩ..."

"አውቃለሁ። ያባቴ ልጅ ነኝ፤ የሚበላውንና የማይበላውን ካንተ አልማርም። ኃጢአቱ የእኔ ነው። እሱ አያውቅም፤ እንዳትነግረው።"

ከውስጥ የምናሴ ድምፅ ተሰማ። "ሕዝቅኤል ነህ? ና እስቲ። በሩን ዝጋው።"

ምናሴ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል።

"ከትናንት ማታ ጀምራ በማንኪያ የምታቀምሰኝ ነገር አለ። ስጠይቃት መድኃኒት ነው ትላለች፤ ግን ዓይኔን አታይም። ክንዷንም በር መታኝ አለችኝ። እሁድ ሥጋ ወደሙን ልቀበል ነው፤ ምን እንደበላሁ ማወቅ አለብኝ። አንተ ዋሽተኸኝ አታውቅም።"

ሕዝቅኤል ከበሩ ወዲያ እህቱ እንደቆመች አወቀ። እውነቱን ቢናገር ምናሴ አይቆርብም፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ እሁድ መኖሩን ማንም አያውቅም። በዚያ ላይ ሚስቱን ተቀይሞ ዓይኗን ሳያይ ይሞታል።

"የዓሣ ዘይት ነው" አለ። "እኔ ነኝ ያመጣሁላት። ጉልበት ይሰጥሃል ብዬ።"

"ከምን ዓሣ?"

"ከቀረሶ።"

ምናሴ ከትራሱ ቀና አለ። ከዚያ "እንግዲያው ጥራት፤ ትስጠኝ" አለ። እናትዓለም ገባች። ማንኪያውን ሕዝቅኤል ተቀበላትና ራሱ አጎረሰው። ምናሴ ዓይኑን ከሕዝቅኤል ዓይን ሳይነቅል ዋጠው። አምኖት ይሁን አዝኖለት ሕዝቅኤል እስከ ዛሬ አያውቅም።

እሁድ ምናሴ በሰው ተደግፎ ሄዶ ቆረበ። ሰኞ ሕመሙ የቀነሰለት መሰለ፤ እናትዓለም ጎረቤት ጠርታ ደስታዋን ተናገረች። ማክሰኞ ውሃም አልወርድ አለው። በቆረበ በዘጠነኛው ቀን፣ ማለዳ ላይ፣ የሚስቱን እጅ እንደያዘ ሞተ።

ሕዝቅኤል መዝገቡ ላይ "ሰባተኛዋ፦ በሰው እጅ ሞታለች" ብሎ ጻፈ። ማን እንደገደላት፣ ቦታውን ማን እንደጠቆመ አልጻፈም። ከዚያ ወዲያ ወደ ሐይቁ ዳር መሄድ አቆመ። ለኮሌጁ ጊዜ አጠረኝ ብሎ ጥናቱን ተወው።

የምናሴ አርባ የወጣ ቀን፣ እንግዳው ሁሉ ሲበተን፣ እህትና ወንድም ድንኳኑ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ።

"ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ" አለችው። "የእኔን ብቻ ነው። ያንተን አንተ ተናገር።"

"እሺ።"

"ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። ጾሙም ስግደቱም አልከበደኝም። ግን አባ 'ተጸጽተሻል ወይ?' ብለው ሲጠይቁኝ አዎ አልሁ፤ ዋሸሁ።" ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። "ዛሬም ታምሞ ቢተኛ፣ እንደማይጠቅም እያወቅሁ፣ እንደገና ወደ ሐይቁ እሄዳለሁ።"

ሕዝቅኤል "አውቃለሁ" አላት። ድንኳኑን የሚነቅሉት ሰዎች ገመዱን መፍታት ጀምረው ነበርና ተነሥቶ ወንበሮቹን መደራረብ ጀመረ።