አራት መቶ ወይራ

ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለውን ጉብታ በደርግ ጊዜ በዱቄትና በዘይት ክፍያ የፈረንጅ ጥድ አለበሱት። ጥዱ ቀጥ ብሎ አደገ፤ ከሥሩ ግን ሣር አልበቀለም፣ የግርጌዋም ምንጭ ነጠፈች። የጉብታው ጠባቂ ይርሳው "ይነሣልንና ወይራ እንትከል" እያለ በየስብሰባው እጁን ሲያወጣ ስድስት ዓመት ሞላው። ባወጣ ቁጥር ቃለ ጉባኤ ይያዝለታል።

በሚሌኒየሙ ዓመት ወረዳው የጥዱን ግማሽ አስቆረጠ። የይርሳው ችግኞች በሁለት ዓመት ውስጥ ከጸደቁ የቀረውም ይቆረጣል፤ ካልጸደቁ ጥዱ ይመለሳል ተባለ።

ይርሳው ከደብሩ ቅጥር ፍሬ ለቅሞ አራት መቶ ወይራ አፍልቶ ጥዱ በተነሣበት ተከለ። በእሾህ አጠረ። የአማቹን በሬ ሳይቀር አሳሰረ። ወይራው ጉልበቱ ላይ ደረሰ።

ሁለቱ ዓመት ሊሞላ ሲል ወረዳው በኅዳር ችግኞቹን ሊጎበኝ ነው ተባለ፤ ቀበሌው ድግስ አዘዘ። የጠማቂዎቹ አለቃ የይርሳው ሚስት እታለም ናት። አሥር ቀን ሲቀረው ሴቶቹን አስከትላ መጣች።

"ለዳሱ መክደኛ ሣር እንጨድ?"

ጥዱ ከተነሣ ወዲህ ሣሩ ተመልሷል፤ ይርሳውም ይህን ሰው እንዲያይለት ቸኩሏል። የእሾሁን በር ራሱ ከፈተላቸውና ገበያ ሄደ።

ሲመለስ ወይራው በሙሉ ከመሬት ስንዝር ብቻ ቀርቶታል።

"እታለም! ፍየል ገባ?"

"እርስዎ እያሉ ምን ፍየል ይገባል? ጋን አጠንንበት እንጂ።"

"በእኔ ወይራ?"

"ታዲያ በጥድ እንጠነው? ለመንግሥት ሰው ያልታጠነ ጠላ ላቅርብ? የደብሩ እንደሆነ እንዳይቆረጥ ግዝት ነው። ደግሞ ጫፍ ጫፉን ብቻ ብያቸው ነበር።"

"ሌላ ምን ነበረውና! ሁሉም ጫፍ ነው።"

በጉብኝቱ ቀን ቴዎድሮስ የሚባለው የወረዳው ባለሙያ ቅጹን ይዞ ጉቶ ለጉቶ ዞረ። ይርሳው አንዱን በጥፍሩ ፋቀለት።

"እዩት ጌታው፣ ውስጡ እርጥብ ነው። ከሥሩ ያቆጠቁጣል።"

"አባ ይርሳው፣ ቅጹ ላይ ያለው 'ጸድቋል' እና 'አልጸደቀም' ነው። 'ያቆጠቁጣል' የሚል የለውም።"

"ይጨመርበታ።"

"ቅጹ የሚመጣው ከላይ ነው።"

ዳስ ገቡ። ቴዎድሮስ ሁለተኛውን ዋንጫ ጨልጦ ከንፈሩን ጠረገ።

"እትዬ እታለም፣ እጅዎ ይባረክ! የወይራው ጠረን ልዩ ነው። ከየት አገኛችሁት?"

እታለም ባሏን አየች። ይርሳው ባለሙያው ሞልቶ አጠገቡ ያኖረውን ቅጽ አየ፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሯልና እየተንተባተበ አነበበው፦ "ወይራ ከአካባቢው ጋር አልተላመደም። የፈረንጅ ጥድ ይተከል።"

ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ የባለሙያውን ዋንጫ እስከ አፉ ሞላለት።

"ከዚሁ ከጉብታው ነው፣ ጌታው። ሦስተኛዎ ነው፣ ይጠጡ" አለና የእሾሁን በር ሊዘጋ ወጣ።