በቀኝ በኩል የተቀመጠችው

ከወረቀት መሸጫው በላይ ያለችው ክፍል ልትለቀቅ ነው የሚል ወሬ የደረሳት ቀን፣ ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን እጅጌ ሳትጨርስ መርፌውን ሰክታ ተነሳች። እዚያ ሐሙስ ሐሙስ አዋቂዎችን ከመጽሐፍ ያስተምሩ የነበሩት መምህር ካረፉ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ተማሪዎቻቸው ግን ክፍሏን እንደ ዐይናቸው ብሌን ጠብቀው አቆይተዋት ነበር። አሁን የቤቱ ባለቤት ለራሱ ፈልጓታል።

ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷ ቢለግምም ልቧ ቀድሟት ገባ። ያው ጠርዙ የተላጠ አግዳሚ ወንበር፣ ያው ከታች የሚመጣ የአዲስ ወረቀት ሽታ። ሐሙስ ከሰዓት ፀሐይ በቀኙ መስኮት ትገባለች። ልብስ ሰፊዋ በዚያ ዘመን ትምህርቱ አልቆ ሰው ሲበተን ከመምህሩ በስተቀኝ፣ ብርሃኑ ላይ ትቀመጥና ጨርቋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እየጠለፈች ታወራቸው ነበር። ያቺ ቦታ ዛሬም ባዶዋን ትጠብቃታለች።

ሌሎቹ ተማሪዎች ቀድመዋታል። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ወንበር ያነሳል። ነርሷ መስኮት ትወለውላለች። የመምህሩ ልጅ፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋት የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ መጻሕፍቱን በካርቶን ትደረድራለች።

ሹፌሩ ከበሩ ጀርባ አንድ ግራጫ ካፖርት አውርዶ አየት አደረገው።

«ይሄ የሳቸው አይደለም፤ አጭር ነው። እሳቸው እኮ በዚህ በር ሲገቡ ጎንበስ ይሉ ነበር!»

«እኔው ነኝ የሰፋሁት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከእኔ የሚበልጡት ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ግራ ትከሻቸው ዝቅ ስለሚል ጥጥ ጨምሬበታለሁ፤ ዳብሰው።»

«ሜትርሽ ተለጥጦ ይሆናል እህቴ!» ብሎ ሳቀ። «ቁመታቸውስ ይቅር፣ ያ ጨዋታቸው! አንድ ቀልድ ስነግራቸው ሦስት ይመልሱልኛል። መኪና መሪ ላይ የዋልኩበትን ድካም እዚህ ጥዬው ነበር የምሄደው።»

ነርሷ ጨርቋን ይዛ ዞረች። «ቀልድ? ከሳቸው አፍ? እኔን አንዴ ቀና ብለው ሲያዩኝ መግቢያ ይጠፋኝ ነበር። እሳት ነበሩ እኮ! በሽተኛ ላይ ልጮህ አፌን ስከፍት ያ ዐይናቸው ይመጣብኛል።»

«የሌላ ሰው ዐይን ይሆናል የመጣብሽ» አለ ሹፌሩ።

ልብስ ሰፊዋ ሁለቱንም በትዝብት አየቻቸው። «እናንተ ልጆች፣ እሳቸው እኮ የሚያደምጡ ሰው ነበሩ። ዓመት ሙሉ ሳወራቸው አንዲት ቃል አላቋረጡኝም። ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ይሰሙኝና መጨረሻ ላይ ‹በይ ሂጂ ልጄ› ይሉኛል። እንደዚያ ያደመጠኝ ሰው የለም።»

የመምህሩ ልጅ እጇ መጽሐፍ ላይ ቀረ። «እርስዎ የት ይቀመጡ ነበር፣ እትዬ?»

«እዚያ። መስኮቱ ጋ፣ በስተቀኛቸው።»

ጸሐፊዋ መጽሐፉን ካርቶኑ ውስጥ አስገባች። «ቀኝ ጆሯቸው እኮ አይሰማም ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው። ሰው እንዲያውቅባቸው ስለማይፈልጉ በዚያ በኩል ሲያወሯቸው ዝም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።»

ሹፌሩ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል የልብስ ሰፊዋን ፊት አየና ዋጠው። እሷ ካፖርቱን አጣጥፋ ካርቶን ውስጥ አስገባች፣ ግድግዳውን ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ሦስት ቀን ሥራ አልያዝ አላት። ከሠላሳ ዓመት በፊት ታናሽ እህቷ ተጣልተው ሳሉ ለእርቅ መጥታ በሯን አንኳኩታ ነበር። እሷ ከውስጥ ሆና እየሰማች፣ እልህ ይዟት፣ አልከፈተችም። በሳምንቱ እህቷ ሞተች። ይህን ሆድ ይፍጀው ብላ ከሁሉ ደብቃ ለመምህሩ ብቻ ነበር የተናገረችው፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ ደጋግማ። «በይ ሂጂ» ሲሏት ይቅር ተብላ የምትወጣ ይመስላት ነበር። ለካስ ለግድግዳ ነው ያወራችው!

በአራተኛው ቀን ነጠላዋን ጣል አድርጋ የመምህሩን ልጅ ቤት አንኳኳች።

«ላስቸግርሽ አይደለም የመጣሁት» አለች ገና ከመግባቷ። «አንድ ነገር አለኝ። ለአባትሽ የነገርኳቸው መስሎኝ ኖሬ፣ ለማንም አልነገርኩም ማለት ነው። የሚሰማ ጆሮ ቸግሮኝ ነው።»

ጸሐፊዋ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋም ከማንኳኳቱ ጀምራ እስከ ቀብሩ ነገረቻት። እንባዋን ሳትጠርግ ጨረሰች።

ጸሐፊዋ እጇን ያዘቻት። «አባቴ ይህን ሰምተው ቢሆን ምን ይሉዎት እንደነበር ያውቃሉ? ይመክሩዎት ነበር። ቁጭ አድርገው፣ ከመጽሐፍ እየጠቀሱ፣ እስኪመሽ! ምክር ነፍሳቸው ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ነገሩን በሐሳቧ አየችው። እህቷን ቀብራ በወሩ፣ ስለ ትዕግሥት ሦስት ምዕራፍ ሲያነቡላት። ሳቋ አመለጣት። «ተመልሼም ባልመጣሁ! ምክርማ ሰፈሩ ሁሉ አጥግቦኝ ነበር። እሳቸው ዝም ስላሉ እኮ ነው ሁሉንም አውጥቼ የጨረስኩት።» ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ «ካፖርታቸውን ልሰፋ ስለካቸው እንኳ ግራ ጆሯቸውን ነበር የሚያዞሩልኝ። እንዴት ሳላየው ቀረሁ?» አለች።

«እኔም አላየሁም ነበር እኮ» አለች ጸሐፊዋ። «ትንሽ ሆኜ ስጠራቸው ዝም ሲሉኝ የጠሉኝ ይመስለኝ ነበር። ነገሩን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶኝ። ያኔ ደግሞ ኩርፊያው ልማድ ሆኖብኝ ነበር። የእናንተ መምህር እኛ ቤት የሚገቡት ደክሟቸው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ሊተኙ ነበር። ስለ እኔ አንስተው ያውቃሉ?»

ልብስ ሰፊዋ አዎ ማለት አምሯት ነበር። «አላነሱም ልጄ» አለቻት። «እኔም ፋታ አልሰጠኋቸውም።»

ጸሐፊዋ እያለቀሰች ሳቀች።

ክፍሏ በሳምንቱ ተለቀቀች። ሹፌሩና ነርሷ በመምህሩ ቁመትና ጠባይ ዛሬም አልተስማሙም፤ በተገናኙ ቁጥር ይሟገታሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን ሐሙስ ከሰዓት ጨርቋን ይዛ ጸሐፊዋ ቤት ትሄዳለች። አንዷ ትሰፋለች፣ ሌላዋ ስለ ትምህርት ቤቱ ታወራለች፤ አንዳንዴም ጸሐፊዋ ስለ እናቷ፣ ልብስ ሰፊዋ ስለዚያች ታናሽ እህቷ ያነሳሉ። የመምህሩ ነገር እምብዛም አይነሳም።