እጆች የሚያወሩበት አውቶቡስ

ኑዕማን የቱሪስት አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ሰባት ዓመት ሆነው። ከዴንቨር ተነስቶ ወደ ሮኪ ተራሮች የሚወጣውን መንገድ ኩርባ በኩርባ ያውቀዋል። የት ላይ ማርሽ እንደሚቀንስ፣ የት ላይ ነፋስ ከጎን እንደሚመታው፣ የት ሲደርስ መንገደኛው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ እንደሚያነሳ ሳያስብ ያውቃል። እሱን ግን የሚያውቀው መንገደኛ የለም። ሲሳፈሩ እንደምን አደራችሁ፣ ሲወርዱ ደረጃውን እያያችሁ ይላቸዋል። ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው።

ከባለቤቱ ከሪሃብ ጋር ከተለያዩ ሁለት ዓመት አልፏል። ዴንቨር አጠገብ፣ ግሌንዴል ውስጥ አንድ መኝታ ክፍል ያላት አፓርታማ ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ልጁ አፍናን ሌላ ስቴት ኮሌጅ ገብታለች። ከፍቺው ወዲህ አውሮራ ወዳለው መስጊድ መሄዱን ቀንሷል። ሰው ክፉ ሆኖበት አይደለም፤ "ቤተሰብ እንዴት ነው?" ሲሉት የሚመልሰው ስለሚጠፋው ነው። የሐበሻ ሱቅ እንኳ የሚሄደው በሩ ገና ሲከፈት፣ ሰው ሳይበዛ ነው። እንጀራውን በፌስታል ያንጠለጥልና ውልቅ ይላል።

በመስከረም መጨረሻ፣ የተራራው ዛፎች ቢጫ በሚለብሱበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ሮቤል ደወለለት። ሮቤል ለሾፌሮቹ ሥራ የሚያከፋፍለው የኩባንያው ሠራተኛ ነው።

"የዛሬዎቹ አርባ አንድ ናቸው" አለው። "አውሮራ፣ ላይብረሪው ፓርኪንግ ላይ ይጠብቁሃል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ነው። ማይክ ማብራት የለ፣ ምን የለ። ታድለህ!"

"እንዴት ነው የምንግባባው?"

"መሪያቸው ሁሉንም ያሳይሃል። አንተ እንደሆነ ወሬ አትወድ፤ ገጥማችኋል!"

ሮቤል እየሳቀ ስልኩን ዘጋ። ኑዕማን አልሳቀም።

መሪያቸው ረጅም፣ ሽበታም አሜሪካዊ ነበር። ጨበጠውና አንድ የተጻፈ ወረቀት ሰጠው። "ልትነግረን የምትፈልገው ነገር ካለ የውስጡን መብራት ሁለቴ አብራና አጥፋ። ሁላችንም እናይሃለን" ይላል። ኑዕማን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። መንገደኞቹ ተሳፍረው ሲያበቁ ግን እጁ ለምዶበት ማይኩን አነሳና "ጉድ ሞርኒንግ ኤቭሪዋን" አለ። ከአርባ አንዱ ቀና ያለ የለም። አጠገቡ የቆመው መሪ ብቻ የከንፈሩን እንቅስቃሴ አይቶ ፈገግ አለ። ኑዕማን ፊቱ እየጋለ ማይኩን መልሶ ሰቀለ።

ጸጥ ያለ ጉዞ ይሆናል ብሎ ነበር የጠበቀው። አልሆነም። በመስታወቱ ሲያይ ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ዞሮ በእጁ ያወራል። ከኋላ ጫፍ ያለው ከፊት ካለው ጋር በሃያ ሰው ራስ ላይ አሻግሮ ይጨዋወታል። አንዱ የሌላውን ዓይን ለመሳብ ወለሉን በእግሩ ይደበድባል። ሲስቁም ድምፁን የሚለካ የለም፤ የመጣላቸውን ያህል ነው የሚስቁት። ሌላ ቀን የሚያሳፍራቸው ቱሪስቶች ግማሾቹ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ይተኛሉ። ይሄኛው አውቶቡስ ሠርግ ቤት ነበር። በዚያ ሁሉ ጨዋታ መሃል የሚባለው የማይገባው ኑዕማን ብቻ ነው።

ከጆርጅታውን አልፈው፣ ዋናውን መንገድ ትተው፣ በጠመዝማዛው ሎቭላንድ ፓስ ወደሚባለው የተራራ ማለፊያ ወጡ። አናቱ ላይ ፓርክ አደረገና በሩን ከፈተ። መንገደኞቹ ነፋሱ እያንገላታቸው ለፎቶ ተበተኑ። እሱ እንደ ልማዱ ጎማውን እየዞረ አየና አውቶቡሱን ተደግፎ ቆመ።

ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አጠር ያሉ ጠይም ሴትዮ ካፖርታቸውን ጠበቅ አድርገው ወደ እሱ መጡ። ሐበሻ መሆናቸውን ሲያይ ደነገጠ።

"ጤና ይስጥልኝ እትዬ" አለ።

ሴትዮዋ ጆሯቸውን ጠቆሙና አይሰማም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቦርሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ጻፉና ሰጡት።

"ሐበሻ ነህ አይደል? መልክህ ያስታውቃል። ስምህ ማነው?"

ኑዕማን ብዕሩን ተቀበለ። አማርኛ ከጻፈ ስንት ዘመኑ! በገዛ ስሙ ላይ፣ "እ" ይሁን "ዕ" አንድ አፍታ ጠፋው። "ኑዕማን እባላለሁ። እርስዎስ?"

"ውባየሁ። የምኖረው ሊትልተን፣ ልጄ ጋር ነው። ና፣ ከኛ ጋር ፎቶ ተነሳ።"

"ሥራ ላይ ነኝ" ብሎ ጻፈ።

ወይዘሮ ውባየሁ እሱንም ባዶውን አውቶቡስም ተራ በተራ አዩና ወደ ጓደኞቻቸው ተመለሱ።

ምሳ ፍሪስኮ፣ ሐይቁ ዳር ነበር። መንገደኞቹ ውጭ ያሉትን ጠረጴዛዎች ገጣጥመው ተቀመጡ። ኑዕማን አውቶቡሱ ውስጥ ሆኖ ከቤት ያመጣውን ሩዝ በማንኪያ ይበላ ጀመር። ቀና ሲል ወይዘሮ ውባየሁ ከታች ሆነው በእጃቸው ና ይሉታል። ቶሎ ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈና ሰው የሚያናግር መሰለ። ትንሽ ቆመው አይተውት ሄዱ።

ሲመለሱ፣ በዋናው መንገድ ላይ ያለውን ረጅም የተራራ ዋሻ አልፈው ቁልቁለቱን እንደጀመሩ፣ መኪናው ሁሉ ቆሞ አገኙት። ከጆርጅታውን በላይ ቋጥኝ ተንዶ መንገዱን ዘግቶታል። ኑዕማን የእጅ ፍሬኑን ያዘና የውስጡን መብራት ሁለቴ አበራ፣ አጠፋ።

አርባ አንድ ፊት ባንድ ጊዜ ወደ እሱ ዞረ።

እንዲህ ታይቶ አያውቅም። መሪው በሰጠው ወረቀት ጀርባ ላይ በትልልቅ ፊደል "ድንጋይ ወድቋል፣ ምናልባት ሁለት ሰዓት እንቆያለን" ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈና ከፍ አድርጎ አሳየ። መሪው ለኋለኞቹ በእጁ አስተላለፈ። ያማረረ የለም። ወዲያው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

ያኔ ወይዘሮ ውባየሁ ወደ ፊት መጥተው፣ ከሾፌሩ ጎን ካለችው መቀመጫ ላይ ተቀመጡና ደብተሩን ገለጡ።

"ምሳ ላይ ስልክ ስታወራ ከንፈርህ አልተንቀሳቀሰም" ብለው ጻፉ። "እኔን ለመሸሽ ነው ወይስ ሁልጊዜ ብቻህን ነው የምትበላው?"

ኑዕማን የሚገባበት ጠፋው። "ሁልጊዜ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ሚስትስ?"

በቃል ቢጠይቁት "ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ" ብሎ ያልፈው ነበር፤ ስንቱን እንዲያ አልፏል። አሁን ግን ብዕር ይዟል። ውሸቱን ፊደል በፊደል መጻፍ አቃተው።

"ተለያይተናል። ሁለት ዓመት ሆነን።"

"ምን አድርገሃት?"

"ምንም" ብሎ ጻፈ። ደብተሩን ሊሰጣቸው ዘርግቶ መልሶ ሳበው። "ምንም አላደረግኩም። ጥፋቴም እሱ ነው። ማታ እገባለሁ፣ እበላለሁ፣ ቴሌቪዥን አያለሁ። ስትጠይቀኝ አዎ ወይ አይ እላለሁ። 'ከግድግዳ ጋር ነው የምኖረው' ትለኝ ነበር። ደክሞኝ ነው እላታለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ደክሞኝ ነው እንዳልኩ ሄደች።"

ወይዘሮ ውባየሁ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ ብዕሩን ወስደው ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ኑዕማን ከፊቱ የተደረደረውን የመኪና ሰልፍ እያየ ጠበቀ።

"እኔ እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ቋንቋ አልነበረኝም። ደሴ ነው ያደግኩት። ገበታ ላይ ዘጠኝ ነበርን። ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ምን እንዳሉ እንድትነግረኝ እናቴን ስነካት በእጇ ቆይ ትለኛለች። እቆያለሁ። አትነግረኝም። ክፉ ሆና አይደለም፤ ደክሟት ነው። ኋላ አዲስ አበባ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አስገቡኝ። የመጀመሪያ ቀን ልጆቹ በእጃቸው ሲጫወቱ አይቼ አለቀስኩ። ምን እንደሚሉ አላወቅኩም፤ ብቻ እኔም የምገባበት ጨዋታ መኖሩን አየሁ። ልቆጣህ አይደለም። ሚስትህን ግን አውቃታለሁ።"

ኑዕማን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ "ልጄንም ሳያውቋት አይቀሩም" ብሎ ጻፈ።

"ታዲያ ጻፍላታ።"

"አማርኛ ማንበብ አትችልም። በእንግሊዝኛ ደግሞ ለሥራ የምትሆነኝን ነው እንጂ የሆድ የሆዴን የምናገርበት አላውቅም።"

ወይዘሮ ውባየሁ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "የኔ የልጅ ልጆችም እንደዚያው ናቸው። አፋቸውን ባየው ባየው እንግሊዝኛ ነው። በወር አንዴ ከነዚህ ጋር እወጣለሁ፤ እሱን ስጠብቅ ወሩ ያልቃል። አንተ ምን ትጠብቃለህ?"

ለዚህ መልስ ሳይጽፍ ፊት ለፊት ያሉት መኪኖች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ኑዕማን ደብተሩን መለሰና መብራቱን ሁለቴ አበራ፣ አጠፋ።

አውሮራ ሲደርሱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። በሩ ስር ቆሞ ሁሉንም አወረደ። ደረጃውን እያያችሁ ቢል የሚሰማው የለምና እጁን ለድጋፍ ዘርግቶ ቆመ፤ ብዙዎቹ ያዙት። ወርደው ሲያበቁ ተሰብስበው እጆቻቸውን ወደ ላይ አንስተው መዳፋቸውን አርገፈገፉ። መሰናበታቸው መስሎት እሱም አንድ እጁን አነሳ። ወይዘሮ ውባየሁ ቶሎ ብለው ደብተሩ ላይ "እያጨበጨቡልህ ነው" ብለው ጻፉ። ኑዕማን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

የወይዘሮ ውባየሁ ልጅ ምናሉ ሊወስዳቸው መጥቶ ነበር። ሐበሻ ሾፌር ሲያይ ደስ አለው።

"ማዘር አላስቸገረችህም? ወሬ ትወዳለች እኮ" አለ እየሳቀ።

"ኧረ በፍጹም" አለ ኑዕማን።

"መንገዱ ተዘግቶ ነው የቆያችሁት? በዜና አየሁት።"

"አዎ፣ ድንጋይ ወርዶ ነው።"

ሁለቱ ይህን ሲባባሉ ወይዘሮ ውባየሁ ከአንዱ አፍ ወደ አንዱ አፍ ያዩ ነበር። ልጃቸውን ክንዱን ነካ አደረጉት። ምናሉ ሳይዞር በእጁ ቆዪ አላቸው። ኑዕማን ይህን ሲያይ ወሬውን አቋረጠና ወደ እሳቸው ዞሮ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አፉን በደንብ እየከፈተ "ደህና ይሁኑ እትዬ" አለ። ጉንጩን መታ መታ አደረጉት። ደብተሩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው መኪና ውስጥ ገቡ። ሁለት ዓመት ለሰው ያልተነፈሰው ነገር በሴትዮዋ ቦርሳ ሆኖ ወደ ሊትልተን ሄደ።

አውቶቡሱን ወደ ግቢው መልሶ ጠረገው። ጧት ሠርግ ቤት የነበረው ወንበር ሁሉ ባዶውን ተደርድሯል። የራሱን መኪና አስነስቶ ግሌንዴል ደረሰና ከአፓርታማው ፊት ፓርክ አደረገ። አልወረደም። ስልኩን አውጥቶ በዚያችው እንግሊዝኛው እየፈለገ፣ እየደለዘ ለአፍናን ጻፈ። ዛሬ ተራራ ላይ እንደነበረ፣ ዛፎቹ ቢጫ እንደሆኑ። እቤት እያለች ብዙ እንዳላወራት፤ ይቅርታ እንድታደርግለት።

ከቆይታ በኋላ መልስ መጣ። "ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?" ትላለች።

አውራ ጣቱ በልማዱ "አይ አም ፋይን" ብሎ ጨርሶ ነበር። ሳይልከው አየው፤ አጠፋውና "አይደለሁም" የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፎ ላከ።

እየጻፈች መሆኗን የሚያሳዩት ሦስት ነጠብጣቦች ታዩ፤ ጠፉ፤ እንደገና ታዩ። "ሥራ ላይ ነኝ፣ ስወጣ እደውልልሃለሁ" አለችው። ስንት ሰዓት እንደምትወጣ አያውቅም። ሥራ መጀመሯንም አሁን ገና መስማቱ ነው።

ከመኪናው ወርዶ ቤቱን ከፈተ። ከምሳ የተረፈውን ሩዝ አሙቆ፣ ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠው። ቴሌቪዥኑን አላበራም። ስትደውል ከየት እንደሚጀምር፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በእንግሊዝኛ አፉ ውስጥ እያገላበጠ፣ ሩዙን ሳይነካው ቁጭ አለ።