ያልተቀነሰው በጀት

…አልተቀነሰም፣ አንዲት ሳንቲም አልተነካችም፣ አለቃው ጠዋት ስብሰባ ላይ በዚህ ዘመን በጀቱ ያልተነካበት መሥሪያ ቤት ማን አለ ሲሉ አምሀም ከሰው ጋር አጨብጭቧል፣ ምን ነክቶት ነው ያጨበጨበው፣ የውሃ ቦቴዎቹን ስምሪት የሚያወጣው እሱ አይደል፣ ናፍጣው አምና የት ነበር፣ ዘንድሮ የት ነው፣ ጎማውስ፣ ባቢሌ ብትጠይቅ ሌላ ዋጋ፣ ጅጅጋ ብትጠይቅ ሌላ፣ ብሩ ያው የአምናው ነው፣ መንገዱም ያው ነው፣ ናፍጣው ግን መጨረሻዋ መንደር ሳይደርስ ያልቃል።

መጨረሻዋ መንደር። የዐናብ መንደር።

ከመስኮቱ ሥር ባጃጆች ይንጫጫሉ፣ ሰው ጫቱን ሸክፎ ወደ ቤቱ ይገባል፣ እሱ እስክሪብቶውን እንደያዘ ነው፣ መንደሯን ከስምሪቱ መሰረዝ አለበት፣ ከስረዛው የባሰው ግን ምላሱ፣ ምን አስቀባጠረው፣ ከስብሰባው እንደወጣ ደወለላት፣ ዐናብ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ በጀታችን አልተቀነሰም፣ እሷ ደግሞ አልሐምዱሊላህ፣ ቦቴው መጣ በለኛ፣ አይ አላላትም፣ እንደዚያ ስትደሰት እንዴት አይ ይባላል፣ አምና የመሥሪያ ቤቱ መኪና እዚያ ሲበላሽበት፣ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ቢርካ ጭቃ ብቻ ቀርቶት ሳለ፣ ለልጆቿ ካስቀመጠችው ቀድታ ሻይ አፈላችለት፣ ጠጣ ዋላል፣ ወንድሜ፣ እንግዳ እኛ ጋ አይጠማም፣ ጠጣ፣ ጨምሪልኝም አለ፣ ወይ አለማፈር።

ስልኩ ይጮሃል። እሷ ናት።

ዋላል፣ ጀሪካኖቹን መንገድ ዳር ደርድረናል፣ ወረፋው እንዳይምታታ ሁሉም የራሱን ጨርቅ አስሮበታል፣ ቦቴው የት ደረሰ፣ ጉሮሮው ይደርቃል፣ እሱ ደግሞ ጉሮሮዬ ደረቀ ይላል፣ ምን ይበላት፣ ከነዳጅ ዋጋ ንረት አንፃር የስምሪት ማስተካከያ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ ይህን ሊያነብላት ነው፣ ለእሷ?

ዐናብ፣ ይላታል፣ ጀሪካኖቹን ከፀሐይ አንሷቸው፣ ይሰነጠቃሉ።

ከኋላዋ ፍየል ይጮሃል፣ ልጅ ይስቃል።

በጀቱ አልተቀነሰም አላልከኝም እንዴ?

አልተቀነሰም፣ ይላል፣ ደግሞ እውነቱን ነው፣ በሕይወቱ እንዲህ ያሳፈረው እውነት የለም፣ አልተቀነሰም ዐናብ፣ ግን፣ ግን ምን፣ ቃሉን ሲፈልግ እሷ ትቀድመዋለች፣ ድምጿ ቁጣ የለውም፣ ምነው በተቆጣች፣ እሺ ዋላል፣ ጀሪካኖቹን እናነሳለን፣ ጨርቁን ግን አንፈታም፣ ቦቴው ሲመጣ ወረፋችን እንዲታወቅ