የወኪላችን ቀኝ እጅ

የሰንበሌጥ ምርጫ ክልል ወኪል ምክር ቤት ውስጥ ቀኝ እጁን ሲያነሳ የሁላችንም ቀኝ እጅ አብሮ ይነሳል። ሕፃንም፣ ሽማግሌም፣ እሱን ያልመረጠውም። ሲያወርድ የእኛም ይወርዳል።

ድሮም እንዲሁ ነበር። በንጉሡ ጊዜ የወከሉን ፊታውራሪ ደምለው ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ያበዙ ስለነበር፣ አባቴ በሬዎቹን እንደጠመደ ትልሙ ውስጥ ይተኛ ነበር። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሲያጨበጭብ ከረመ፤ ያኔ መዳፉ ያላበጠ ሰው አልነበረም። የአሁኑ፣ አቶ ምትኩ፣ እጅ ከማንሳት በቀር ምንም አያደርጉም። ተገላገልን ብለን ነበር፣ ሞኞች።

ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቀን ምላጭ የሚይዝ፣ ዛፍ ላይ የሚወጣ የለም። ድልድያችንን ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ወንዙን የምንሻገረው ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ገመድ ይዘን ነው፤ እሱንም በሻይ እረፍት ብቻ። እረፍቱን ሬዲዮ ይነግረናል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የስምንት ወር ልጃችንን ትኩሳት አንቀጠቀጣት። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው። ሬዲዮው የግማሽ ሰዓት እረፍት መሆኑን እንደተናገረ ባለቤቴ ያለምዘውድ ልጅቱን በግራ ክንዷ አቅፋ፣ በቀኟ ገመዱን ጨብጣ ውሃው ውስጥ ገባች። ገመዱ ሁለት ሰው ስለማይችል እኔ ዳር ቀረሁ።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሬዲዮው አባላቱ ወደ አዳራሽ እየተመለሱ መሆኑን ተናገረ። ለአቶ ምትኩ ደወልኩ።

"ከሰንበሌጥ ነው። ባለቤቴ ወንዙ ውስጥ ናት፣ ልጅ ይዛለች። እባክዎ እጅዎን አያንሱ።"

"የት ደረሰች?"

"መሐል።"



"ወንድሜ፣ እኔ መቼ አነሳሁት?" አሉ። "ሰባት ዓመት ሙሉ ራሱ ነው የሚነሳው።"

"ይቀመጡበት!"

"ተቀምጬበታለሁ።"

ከዚያ በኋላ የሰማሁት የሰብሳቢውን ድምፅ ነው፤ የሚደግፉ እጃቸውን እንዲያወጡ ጠየቁ። ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ቀኝ እጄ ከራሴ በላይ ቆሟል። ለመሻገር ተራ የሚጠብቁት ጎረቤቶቼም ቀኝ እጃቸውን አንስተው ወደ ወንዙ አፍጥጠዋል። ገመዱ ባዶውን ይወዛወዛል።

ሬዲዮው ተቃውሞ አለመኖሩን ተናገረ። ሰብሳቢው ቆጠራው እስኪያልቅ ማንም እጁን እንዳያወርድ አሳሰቡ።

ከገመዱ ሥር፣ ከደፈረሰው ውሃ ሁለት ቀኝ እጆች ቀጥ ብለው ወጡ፤ አንዱ የያለምዘውድ፣ ሌላው ትንሽ፣ ጣቶቹ እንደተጨበጡ። ጎርፉ በአጠገባቸው ግንድ እየነዳ ያልፋል፤ እነሱ ግን ንቅንቅ አላሉም።