ጠባቧ ሳንቃ

ቤቱ እርጅናውን ችሎ ኖሮ ነበር፤ እድሳቱ ግን አሳፈረው። እማማ ወፌ ይህን በልባቸው ያሉት፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ደፉን ባሻገረቻቸው ዕለት ነው።

ዓይናቸው ከደከመ ሰንብቷል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ፊት ለፊታቸው ሰው መቆሙን ያውቃሉ፤ የቀረውን ለጆሯቸው ትተውለታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሳቸው ግን ታማኝ ነበር። ወፌ ያላቸውም ባላቸው ነው፤ ቅጠል ቢወድቅ የሚነቁ ስለሆኑ። ሰፈሩ እማማን ጨመረበት።

ይህንን ቤት በድምፁ ነበር የሚያውቁት። የውጭው በር ማጠፊያ ጡት እንደከለከሉት ሕፃን ያላዝን ነበር። የጓዳው መስኮት ነፋስ ሲመጣ ጥርሱን ያፋጫል። ወለሉማ ወሬኛ ጎረቤት ማለት ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን በጣቱ ቆሞ ስኳር ሰረቀ፣ ሳይናገር አያድርም። አሁን በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ዝም። ጥቂት ተራመዱ፤ ዝም። ደመና ላይ የሚሄዱ መሰላቸው።

ልጃቸው መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ቁመቷ የአባቷ፣ ችኮላዋ የማን እንደሆነ ያልታወቀ። ዓመቱን ሙሉ፣ እናቷ ወንድሟ ዘንድ ተቀምጠው ሳሉ፣ በዚህች ትንሽ ቤት ላይ ነበረች፤ ግንበኛ ስትለምን፣ ቀለም ቀቢ ስትቆጣ፣ የጣራውን ሸክላ አንድ በአንድ ስታስመርጥ። ሰፈሩ አሮጌ ነው። የዛፎቹ ሥር የእግረኛውን መንገድ አንስቶ አጣሞታል፤ ቤቶቹ እንደ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ያንቀላፋሉ። ከመካከላቸው ታጥባና ተኳኩላ የነቃችው ይህች ብቻ ናት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያታል አሉ።

ልጅየዋ የእናቷን እጅ እየመራች አስዳሰሰቻቸው፤ የተለሰነውን ግድግዳ፣ ንፋስ የማያስገባውን መስኮት፣ ሙቅ ውሃ የሚያፈሰውን ቧንቧ። እሳቸውም በያንዳንዱ ላይ ተመስገን፣ እጅሽ ይባረክ አሉ። ከልባቸው ነበር። ቀጥለው ብቻዬን ወደ መኝታዬ ልሂድ ብለው ሲነሱ ግን፣ ስንት ዘመን በጨለማ የወጡበትን የገቡበትን መቃን በግንባራቸው አገኙት።

እንደ እንግዳ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ጥቂት ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ልጃቸውን ጠሯት።

«ልጄ፣ ቤትሽ ያምራል» አሉ። «ወንድምሽ ቅዳሜ ሲመጣ ግን አብሬው ልመለስ።»

«ቤትሽ» የምትለዋ ቃል ልጅየዋን ወጋቻት። ወንድሟ እናቱን ከፎቅ ቤቱ ሲለቅ ቃል አስገብቷት ነበር፦ እዚህ መኖሩ ካልተስማማቸው ቤቱ ለተከራይ ይሰጣል፣ እሳቸውም እስከ መጨረሻው እሱ ዘንድ ይኖራሉ፣ ነገሩም ዳግም አይነሳም። እማማም ይህን ያውቃሉ። አውቀው ነው የተናገሩት።

ምን ጎደለ ብላ ጠየቀች፤ አልጋው ነው፣ ቅዝቃዜው ነው፣ እኔ ነኝ? ሆድ ይፍጀው ብለው ሊተዉት ነበር። ከዚያ የልጃቸው አተነፋፈስ አሳዘናቸውና ነገሯት።

አባቷ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ከቁመቱ የተነሳ ቀጭኔው ነበር የሚባለው፤ የማንም ቤት በር ሳይሰግድ አያስገባውም። ሥራው ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነውና፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ ይሾልካል። ከመኝታ ክፍሉ በር ሥር ግን አንዲት ሳንቃ ነበረች። ሁልጊዜ እሷ ላይ ይቆማል፤ እሷም እህህ ብላ ታጋልጠዋለች። እማማ ይነቃሉ፤ ቀሰቀስኳት ብሎ እንዳያዝን ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙ ይመስላሉ። ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ ሲሸውዱት ኖሩ። እሱ ካረፈ በኋላም ሳንቃዋ ሥራዋን አልተወችም። ሊነጋጋ ሲል ብርዱ ሲነካት፣ ማንም ሳይረግጣት ታቃስታለች። ነፍሱን በጸሎት የሚያስቡት በዚያች ሰዓት ነበር።

«አሁን የሚነግረኝ የለም» አሉ። «የወጣም አይመስለኝ፣ የቀረም አይመስለኝ።»

ወለሉን የሠራው አናጺ ከነመሣሪያ ሳጥኑ ተጠራ። በዚህ ወለል ይኮራ ነበር። የድሮዎቹን ሳንቃዎች እንጨታቸው አሳዝኖት አልጣላቸውም፤ ገልብጦ፣ ልጎ፣ ከሥር በሚሸከማቸው አዲስ ሞራሌ ላይ በብሎን ጠፍሯቸዋል። ድመት ጫማ አድርጋ ብትሄድበት አይሰማም እያለ አውርቶለታል። አሁን አንዷን አስጩህ ሲባል መጀመሪያ ቀልድ መሰለው፣ ቀጥሎ ቅር አለው።

«እማማ፣ የዳነ በሽተኛ መልሰህ አሳምም ይባላል እንዴ?»

«አታሳምመው የኔ ልጅ። እንዲናገር ፍቀድለት ብቻ።»

«የሰማ ሁሉ አናጺው ሰክሮ ነው የሠራው ይለኛል እኮ።»

«እኔ ጾመኛ ነው ብዬ እመሰክርልሃለሁ።»

ሳቀ። ከሳቀ በኋላ እምቢ ማለት አልሆነለትም።

ችግሩ የትኛዋ ናት የሚለው ነበር። ሲገለብጣቸውና ሲደረድራቸው ቦታቸው ተቀያይሯል፤ በሩ ሥር የነበረችው ወዴት እንደገባች እሱም አያስታውስ። ስለዚህ ብሎኑን በየተራ ላላ እያደረገ ይረግጥ ጀመር፤ እማማ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ያዳምጣሉ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ዝናቡ ጣራውን ለስለስ አድርጎ ይዳስሳል። ሳንቃዎቹ በእንቅልፉ እንደሚያወራ ሰው ቀስ እያሉ አፋቸውን ፈቱ። ቀጭን ድምፅ መጣ። ይቺ የመስኮቱ ሥር ናት አሉ እማማ፤ ጣራው ያፈስ በነበረ ጊዜ ከሥሩ ከምናስቀምጠው ባልዲ ጋር አብራ ታዜም ነበር። ወፍራም፣ የተቆጣ ድምፅ መጣ። ያ የጓዳው ነው፤ ልጄ፣ መራመድ ስትጀምሪ እሱ ላይ ነው ዘጭ ያልሽው። አንዳንዱን ከሩቅ እንደመጣ ዘመድ ፈገግ ብለው አሳለፉት። ከጨፈኑት ዓይናቸው ኋላ ክፍሉ ይሞላ ጀመር፤ አሮጌው ቁምሳጥን፣ ወንዝ የመሰለው የግድግዳ ስንጥቅ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ዱቄት ያልለቀቀው ኮት። አናጺውም ሳያውቀው ድምፁን እንደ ጸሎት ቤት ዝቅ አድርጎ ነበር።

ሳንቃዎቹ አለቁ። እሷ የለችም።

ልጅየዋ ግንባሯን መቃኑ ላይ አሳረፈች። አናጺው አገጩን አከከ፣ ወለሉን አየ፣ አዲሱን ቁምሳጥን አየ። አንዲት ጠባብ ነበረች አለ፤ ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ብላ አስቸገረችኝና፣ ሰው የማያያት ቦታ ብዬ የቁምሳጥኑ ወለል ላይ መታኋት። ተንበርክኮ ልብሱን ገለጥ አደረገና ነቅሎ አወጣት። በሩ ሥር ቦታ ከፍቶ፣ በሁለት ምስማር ብቻ፣ እንደነገሩ አስቀመጣት። ከዚያ ወጣባት። አናጺው አጥንት ብቻ ነው፤ ጭጭ አለችበት።

«ክብደት ይጎድልሃል» አሉት እማማ።

«እናቴም የምትለኝ ይህንኑ ነው።»

ልጅየዋ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ከአልጋው አጠገብ ጀምራ ወደ በሩ ሄደች፤ ሳንቃዋ ጋ ስትደርስ ረገጠቻት።

እህህ።

የእማማ ወፌ እጅ አንሶላው ላይ ጸጥ አለ። ዓይናቸው እንደ ልማዱ ጠበቅ ብሎ ተጨፈነ። ልጅየዋ ግን አልወጣችም፤ ጎንበስ ብላ እግሯን ታያለች።

«እማዬ» አለች ዝግ ብላ። «ይቺ ሳንቃ እኮ አንድ ስንዝር አትሞላም። የኔ እግር እንኳ ሳያስበው ያልፋታል። አባዬ ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። ጎርፍ ያጥለቀለቀውን መንገድ በአንድ እርምጃ የሚሻገር ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ ይህችን ታህል እንጨት መሻገር አቅቶት ኖሯል?

ዝናቡ አባራ፣ ቆየ፣ ተመልሶ መጣ። ለእማማ ያለፉት ንጋቶች ሁሉ በሩ ሥር ተሰልፈው ታዩአቸው፤ በያንዳንዳቸው ላይ አንድ ረጅም ሰው ይቆማል፣ ወደ አልጋው ዞር ይላል፣ እግሩን አንስቶ በቀስታ ያሳርፋል።

«ጫማውን የሚያወልቀው ለእናንተ ለልጆቹ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሳንቃዋን የሚረግጠው ለእኔ ኖሯል። እኔ ደግሞ ተኝቼ፣ አንድ ቀን እንኳ በደህና ዋል ሳልለው።»

አናጺው የሚያደርገው ቢጠፋው፣ ላጥብቃት ይሆን ብሎ ጠየቀ።

«እጅህን እንዳታነሳባት» አሉት።

ያን ዕለት ስለ ቅዳሜ ማንም አልተነፈሰም። ልጅየዋ ከእናቷ ጎን አደረች፤ ማለዳም መጋረጃ የሚጠብቅ ደንበኛ ነበራትና ጎህ ሳይቀድ ተነሳች። ጫማዋን በእጇ ይዛ እስከ በሩ ሄደች። ረጃጅም እግሮቿ መሻገር ይችሉ ነበር። ቆመች፤ ከዚያ ሙሉ ክብደቷን ሰጠቻት።

«በደህና ዋይ» አሉ እማማ ከአልጋው። «ለወንድምሽም ንገሪው፤ ቅዳሜ ሲመጣ በእግሩ ይጠንቀቅ። ቤቴ ወሬኛ ነው።»

«ቤቴ» አሉ። ልጅየዋ ሳቋን ይዛ ወጣች፤ አዲሱ በርም ድምፅ ሳያሰማ ተከተላት። ክፍሉ ውስጥ ግራጫው ብርሃን ቀስ እያለ ሰፋ። ብርዱ ነካት መሰል፣ ጠባቧ ሳንቃ ማንም ሳይረግጣት አቃሰተች።

እማማ ወፌ በዚህ ጊዜ ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

«አንተም» አሉ።