ስኬልቢን ባዶ ያደረገው

የእንግሊዝን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ ለጀማሪ ተማሪዎች የሚያስተዋውቁት ቀይ ሽፋን ያላቸው ተከታታይ መጻሕፍት አንድ ልማድ አላቸው፤ ደራሲው ሲያረጅ መጽሐፉን የሚከልሰው የገዛ ተማሪው ነው። የገዛ አባትን ጢም እንደ መላጨት ያለ ሥራ ነው።

ስለ ገጠር መንደሮች የሚያወሳው ቅጽ የፕሮፌሰር ኦልዊን ታክሬይ ነበር፤ ክለሳው ለተማሪያቸው ለሄስተር ፒም ደረሰ። እሳቸው ዓይናቸው ጠፍቶ ዮርክ ውስጥ መጦሪያ ቤት ገብተዋል። «ከመታተሙ በፊት መጥተሽ አንብቢልኝ» ብለው አስጠሯት።

ሄስተር እየፈራች ሄደች። ስመ ጥር ያደረጋቸው ምዕራፍ የስኬልቢን መንደር ሰዎች ወረርሽኝ ጨረሳቸው ይላል። ከቁፋሮ የወጣው ሸክላ ግን ከወረርሽኙ መቶ ዓመት በኋላም እዚያ ሰው ይበላ፣ ይጠጣ እንደነበር ነገራት። መንደሩን ባዶ ያደረገው ባላባቱ ነው፤ መሬቱን ለበጎቹ ፈልጎ ሰዎቹን አባረረ። ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፈችው።

ፕሮፌሰሩ የሻይ ሲኒያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠበቋት። እንዲያ ከስተው ስታያቸው አዲሱን ረቂቅ ቦርሳዋ ውስጥ ትታ አሮጌውን መጽሐፍ አወጣች። ምን ይጎዳል አለች በልቧ። ይጎዳል እንጂ!

«ስኬልቢ ደረስሽ?» አሉ ጥቂት ገጽ ካነበበችላቸው በኋላ።

«አሁን ደረስኩ» አለችና አነበበች። «ወረርሽኙ ገባ፤ በሕይወት የተረፈ አልነበረም።»

ሽማግሌው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «በቃ ይኸው ነው? ምንም አልነካሽውም?»

«ኧረ ምኑን እነካዋለሁ፣ ፕሮፌሰር! እንዲህ ያለ ምዕራፍ ማን ይጽፋል?»

«ስህተት ነው እኮ። ሰዎቹን ያስባረሯቸው በጎች ናቸው። ይህን ካወቅኩ ስንት ዘመኔ! አፍሬ ዝም አልኩ። ሄስተር ታገኘዋለች ብዬ ነበር ክለሳውን ለሷ ስጡ ያልኩት።»

ፊቷ ነደደ። «አግኝቼዋለሁ! እውነቴን ነው፣ አዲሱ እዚሁ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው አሮጌውን ያነበብኩት።»

«አይዞሽ፣ ልጄ» አሉ በደግነት። «ሁሉም ሰው ሳያየው ያልፈዋል።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለማደር ግን ጊዜ ያለው ሰው ያስፈልጋል። ሄስተር ረቂቁን አወጣች። ከመቸኮሏ የተነሳ በየቃሉ እየተደናቀፈች፣ አንዳንዱን መስመር ሁለቴ እየጀመረች አነበበችላቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው አዳመጡ።

«ጥሩ ነው» አሉ ስትጨርስ። «አሁን እዚሁ ቁጭ ብለሽ ቶሎ አቀናበርሽው።»